ካራውና የተሞረደው መዶሻ

በአንድ ወቅት፣ መሬት ለሁሉም ሲደለደል ቀጥቃጭ ተዘልሎ በሚታለፍበት ዘመን፣ ጭስ አምባ የሚባል የቀጥቃጮች መንደር ነበር። የመንደሩ ሰው ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ የሚያርሰውና የሚያጭደው ግን ሌላ ነው። ወናፉን የሚተክልባት ቁራሽ ቦታ እንኳ በሰው ፈቃድ የተገኘች ናት። ባለርስቱ የከፋው ቀን ተነሥ ይለዋል፤ እርሱም ወናፉን ተሸክሞ ይነሣል። ሰብስቤ የሚባለው ቀጥቃጭ በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። አባቱ ፈንታ ደግሞ አምስት ጊዜ ተነሥቶ፣ ሊሞት ሲል የተመኘው ገነትን አልነበረም፤ ማንም ተነሥ የማይለው መሬት ላይ አንድ ቀን ብረት መምታትን ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአገሩ ገዢ የደጃዝማች ወንድይራድ አሽከሮች አንድ አሮጌ ካራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጭስ አምባ ደረሱ። ከሞቱ አርባ ቀን ከሆናቸው ከደጃዝማቹ አባት ሣጥን የወጣ ነው ተባለ። የእጀታው ቀንድ ጠቁሯል፤ ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኗል፤ ስም የለበትም፤ ድሮውንም ጭስ አምባ ላይ ብረት እንጂ ስም የሚጽፍ የለም። ትእዛዙ አጭር ነበር። ካራውን የሠራው ሰው፣ ሞቶም ከሆነ ልጁ፣ ሐሙስ ገበያ ላይ ይቅረብ፤ ካልቀረበ መንደሩ በሙሉ እሳቱን አጥፍቶ ከግዛቱ ይውጣ። ለምን እንደሚፈለግ ግን አልተነገረም።

ያልተነገረውን መንደሩ ራሱ ሞላው። የደጃዝማቹ አባት አርባ ዓመት ሙሉ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መኖራቸውን የማያውቅ የለም። አንዱ፣ የወጋቸው ይህ ካራ ሳይሆን አይቀርም አለ። ወሬው ሁለተኛው ጆሮ ሲደርስ “ሳይሆን አይቀርም” የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካራው የደም ካራ ሆኖ፣ ለሠሪው መስቀያ ዛፍ ሁሉ ተመርጦለት ነበር።

ካራው ከወናፍ ወደ ወናፍ እየዞረ ሰብስቤ ዘንድ ሲደርስ፣ እርሱ ስለቱን አላየም። ዓይኑ የሄደው ብረቱ ከቀንዱ ጋር ወደሚገናኝበት ሥር ነው። እዚያ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጠባሳ አለች። ሌላው ሰው ዝገት የበላው ነው ብሎ ያልፋታል፤ ሰብስቤ ግን ደሙ ደረቀ። የአባቱ መዶሻ ጠርዙ ላይ የተሸረፈ ነበር። ፈንታ ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ ሽራፊውን ሞርዶ ለማስተካከል እጁ አልታዘዘለትም፤ እናም የመታው ብረት ሁሉ ያችን የጥፍር ምልክት ይዞ ይወጣል። ስለቱ ላይ ያለውን ምልክት ሞርዶ ያጠፋዋል፤ ቀንድ የሚሸፍነውን ጭራ ግን ማን ያየዋል ብሎ እንዳለ ይተወዋል። ያ መዶሻ አሁን ከሰብስቤ ጀርባ፣ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰብስቤ ካራውን መለሰና አላውቀውም አለ።

ካራውን ያወቀ ግን ሌላም ሰው ነበር። እትዬ አንጓች የካራ እጀታ ከቀንድ የምትሠራ አሮጊት ናት፤ ሙያውን የያዘችው ባሏ ታምሞ የተኛ ጊዜ ነው። ከሦስቱ የነሐስ ምስማሮች አንዱ መጣመሙን ስታይ አወቀችው። አዲስ ሙሽራ ሳለች እጇ ሥራውን ሳይለምድ ያጣመመችው ራሷ ናት፤ ብረቱን ያመጣላት ደግሞ ፈንታ ነው። እርሷም ፈርታ ዝም አለች። የአባቱን ካራዎች ቀንድ የምታለብሰው እርሷ እንደነበረች ያውቃልና፣ ከሰዓት በኋላ ሰብስቤ ቤቷ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ። አምስት ልጆች እንዳሉት እርሷ ታውቃለች፤ እርሱም እየደጋገመ ነገራት። እንዳትናገር በባሏ መቃብር አስምሏት ወጣ።

ማግስቱን ሰብስቤ መዶሻውን ከግድግዳ አወረደ። እሳት ውስጥ ከትቶ አቀላው፤ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወው፤ ሲለዝብለት ሽራፊው እስኪጠፋ ድረስ ፊቱን ሞረደው። በዚህ ዓይነት የለሰለሰ መዶሻ ብረት አይመታበትም፤ ይህን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሁለት ትውልድ ያልነካውን በግማሽ ቀን ጨረሰው። ሚስቱ ምን እያደረግህ ነው ብትለው፣ ጢስ ገባብኝ እያለ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

የዚህ ታሪክ ሦስተኛው ሰው ቸኮል የሚባል ቀጥቃጭ ነው። ቸኮልና ሰብስቤ በአንድ ጆንያ ከሰል ተጣልተው ሰባት ዓመት ሰላምታ የላቸውም። ቸኮል ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ካራውን ማን እንደሠራው አላወቀም፤ ለማወቅም አልደከመም። ሐሙስ ጠዋት መንደሩ ወናፉን እየፈታ፣ እናቶች እህል እየቋጠሩ፣ ሽማግሎች ወዴት እንደሚሄዱ ጠፍቷቸው ተቀምጠው ሲያይ ተናደደ። አንድ ሰው ከሄደ ሌላው ይቀመጣል፤ ይህን ለማስላት ደብተራ መሆን አያስፈልግም ብሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ገበያው ወረደ።

ገበያው መሐል፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ደጃዝማቹ ተቀምጠዋል። ካራው በፊታቸው በጨርቁ ላይ ነው። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁ ቸኮል ወጥቶ፣ ሟች አባቴ ነው የሠራው አለ። ምልክቱን አሳየኝ ሲሉት ምልክት የለውም አለ። አባትህ በምን ጊዜ ሠራው ሲሉት አንድ ዘመን ጠራ፤ ያ ዘመን ደግሞ አባቱ ከሞተ በኋላ የመጣ መሆኑን ከኋላ የቆመ አንድ ገበሬ ተናገረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። የደጃዝማቹ ፊት ተለወጠ።

“ይህ ካራ የአባቴ አደራ ነው” አሉ። “በእርሱ ላይ የዋሸ ቀኝ እጁን ያጣል። አሁንም አባትህ ነው የሠራው ትላለህ?”

ቸኮል ቀኝ እጁን አየው። ቀጥቃጭ እጁን ካጣ ምን ቀረው? ቢሆንም፣ “እላለሁ” አለ።

እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ደጃዝማቹ የዋርካው ጥላ ከታሰረው ሰው እግር እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያ ሌላ የሚያውቅ ካለ ይናገር አሉ። ጥላው ሁለት ክንድ ያህል ይቀረው ነበር። ከፊት ቆሞ ላብ ያጠመቀውን ሰብስቤን አዩና፣ አንተስ ይህን ካራ ታውቀዋለህ ብለው ጠየቁት።

ሰብስቤ ወዲያና ወዲህ አየ። ከአንድ ወገን ሰባት ዓመት ያላናገረው ሰው በእርሱ አባት ካራ ታስሯል። ከሌላው ወገን ልጆቹ በሕዝቡ መሐል ቆመው ያዩታል፤ ትንሿ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። አውቀዋለሁ የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር፤ የልጅቷን እጅ ሲያይ ግን ተመልሳ ወረደች።

“አባቴ እንዲህ ያለ ካራ አልሠራም” አለ።

ይህን ሲል ቸኮል ቀና ብሎ አየው። ስለ አባቱ የጠየቀው አልነበረምና፣ ነገሩን ያን ጊዜ ተረዳው። ሰብስቤ፣ አሁን ይናገርብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቸኮል ግን ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ለሰብስቤ ከስድብ ሁሉ የባሰበት ያ ዝምታ ነው። ጥላው እየተሳበ የቸኮልን ተረከዝ ሊነካ አንድ ስንዝር ቀረው፤ አንዱ አሽከር ሰይፉን መዘዘ።

እትዬ አንጓች ያን ጊዜ ወጣች። ካራውን ይስጡኝ ብላ ስትለምን ደጃዝማቹ ፈቀዱላት። ድንጋይ ላይ አጋድማ በሌላ ድንጋይ መታችው፤ አርባ ዓመት የቆየው ቀንድ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከውስጡ የወጣው የብረት ጭራ ላይ አራት የጥፍር ጠባሳዎች ተደርድረው ታዩ።

“ቀንዱን ያለበስኩት እኔ ነኝ” አለች። “ብረቱን የመታው የሰብስቤ አባት ፈንታ ነው፤ ጠባሳዎቹም የተሸረፈው መዶሻው ምልክት ናቸው። እንዳልናገር በባሌ መቃብር ምዬ ነበር፤ ባሌ ይቅር ይበለኝ።”

የሰብስቤን መዶሻ አስመጡ። ደጃዝማቹ አገላብጠው አዩት። እንጨቱ በሦስት ሰው እጅ ታሽቶ ጠቁሯል፤ ፊቱ ግን ትናንት እንደተሠራ ያበራል። ከጠባሳው ጋር የሚገጥም ሽራፊ የለበትም። ሆኖም መዶሻ የያዘ እጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ማንም ቀጥቃጭ የአያቱን መዶሻ ያለ ምክንያት አይሞርድም። ሰብስቤ ማስረጃውን ያጠፋ መስሎት ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቆመ። ተንበረከከ፤ ዘወር ብሎም ሚስቱን፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ አላት።

ደጃዝማቹ የቸኮልን እጅ አስፈቱና ተናገሩ። አባታቸው በወጣትነታቸው ወንዝ ሲሻገሩ በቅሏቸው ወድቃ፣ እግራቸው በእርካቡ ተጠላልፎ ጎርፍ ወሰዳቸው። እግራቸው የተሰበረ ያን ጊዜ ነው። ውኃ ውስጥ ሆነው የእርካቡን ጠፍር በዚህ ካራ አንድ ጊዜ መቱት፤ ጠፍሩ ተቆረጠ። ሁለተኛ ለመምታት ትንፋሽ አልነበራቸውም። ካራውን የገዙት ከገበያ ነበርና ሠሪውን አያውቁትም። ሲሞቱ፣ የሠራውን እጅ ወይም የእርሱን ወራሽ ፈልገህ ከወንዙ ዳር ያለውን አንድ ጋሻ መሬት ስጥ፤ ለአንድ ሰው ስጥ፤ አትከፋፍለው ብለው ልጃቸውን አስምለዋቸዋል። ለሽልማት ነው ብል አገሩ ሁሉ ቀጥቃጭ ይሆንብኝ ነበር አሉ ደጃዝማቹ።

በገበያው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

አንደኛው ወገን መሬቱ ለሰብስቤ ይገባዋል አለ። ኑዛዜው ለሠሪው ወራሽ ነው፤ ወራሹ ደግሞ አንድ ነው። የካደው ለልጆቹ ብሎ ነው፤ አባት የሆነ ይፍረድበት። ሌሎቹ ግን፣ አባቱን በአደባባይ የካደ ምን ይወርሳል፤ ጥላው ሲሳብ ቆሞ ያየው ማን ነው አሉ።

ሌላው ወገን ለቸኮል አለ። እርሱ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ጭስ አምባ የሚባል መንደር የለም። እጁን የሰጠው ለጠላቱ ጭምር ነው፤ ካወቀም በኋላ አልተናገረም። ይህንንም የሚቃወም አልጠፋም፤ የቸኮል አባት ያን ካራ በዓይኑ አላየውም፤ በውሸት መሬት ከተወሰደ ነገ ማን እውነት ይናገራል ተባለ።

ሴቶቹ አብዛኞቹ ለእትዬ አንጓች አሉ። ካራ ያለ እጀታ ብረት ነው፤ ከሠሪዎቹ በሕይወት ያለችው እርሷ ብቻ ናት፤ የቸኮልንም እጅ ያተረፈች እርሷ ናት። አንድ ሽማግሌ ግን ራሱን ነቀነቀ። ቃል ኪዳኗን ስታፈርስ ሽልማት መሆኑን አላወቀችም፤ ነገሩ እንደተፈራው የደም ቢሆን ኖሮ አምስት ልጆች አባት አልባ አድርጋ ነበር አለ። አንጓች ይህን እየሰማች የተሰነጠቀውን ቀንድ ትለቃቅም ነበር።

ደጃዝማቹ ጫጫታውን በእጃቸው አቆሙና ጎንበስ ብለው፣ አሁንም ወደተንበረከከው ሰውዬ ተመለከቱ።

“እንደገና ልጠይቅህ” አሉት። “ይህን ካራ አባትህ ሠርቶታል?”

ሰብስቤ ቀና አለ። አዎ ቢል፣ አባቱን ያወቀው መሬት ሲያስገኝለት ነው ሊባል ነው። አይደለም ቢል፣ አባቱን ሁለተኛ ሊክደው ነው፤ የአባቱም ምኞት ከወንዙ ዳር እያየችው ልትቀር ነው። ቸኮል አጠገቡ ቆሞ ገመድ የበላውን የእጁን አንጓ ያሻል።

ሰብስቤ ምን እንደመለሰ ያወሩልኝ ሰዎች አይስማሙም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ብዙ ተከራክሬ ተውኩት። ያ መሬት ግን እስካሁን ሣር እንደበቀለበት ነው፤ ማንም መዶሻ አልመታበትም ይላሉ። እንግዲህ እናንተ ከዋርካው ሥር ብትቆሙ፣ ካራውም ቀንዱ ተሰንጥቆ ከፊታችሁ ቢቀመጥ፣ መሬቱን ለማን ትሰጡታላችሁ?