ተረኛዋ

ሽንኩርት ቸርቻሪዋ አስካለች ከስኳር በሽታ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ፍሪጅ ስለሌላት ኢንሱሊኗን የምታቀዘቅዘው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበረችው ገንቦ ነው። በየሦስት ወሩ ለክትትል የምትሄድበት ሆስፒታል ዶክተር ልዑልሰገድ የሚባል አዲስ ኃላፊ ተሾመበት። ሰውየው በሽተኛ ሲናገር መስማት አይወድም።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ የስኳሯን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ገልጦ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«መድኃኒቱን ማን ቀንሺ አለሽ?»

«ሆዴን አሞኝ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር። ስለካው ስኳሬ ወርዶ አገኘሁት፤ ቀነስኩ። መብላት ስጀምር መለስኩት።»

ዶክተሩ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። በሩ ክፍት ስለነበር ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«እዚህ ሐኪሙ ማን ነው? አንቺ ከሆንሽ ካርድሽን ልሰርዘውና እቤትሽ ታከሚ። እኔ ከሆንኩ ደግሞ አጥፍቻለሁ ብለሽ ፈርሚ።»

አስካለች ካርዱ ከተሰረዘ ኢንሱሊን ከየት እንደምታገኝ አታውቅም። ያላጠፋችውን አጥፍቻለሁ ማለትን ደግሞ ህሊናዋ አልፈቀደም። ነጠላዋን አስተካከለችና ረጋ ብላ መለሰች።

«ሁለታችንም ነን ዶክተር። በሦስት ወር አንዴ ለአምስት ደቂቃ ተረኛው እርስዎ ነዎት። የቀረውን ሌትም ቀንም ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፍኩም። አለቃዬ ከሆኑ እንግዲህ የዓመት ፈቃዴን ይፈርሙልኝ።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ፤ ከዶክተሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ ፊቷን በመዝገብ ሸፈነች። ዶክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሳቅ ቀደመው። መድኃኒቱን ጽፎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ፈቃዱ እንኳ አይቻልም» አላት፤ «እርስዎን የሚተካ ሰው የለኝም።»