ጭራ የሌላት

ተረት ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ኩሬ ይጠጡ ነበር። ውሃው የጎደለ ስለመሰላቸው ሰጉና ዝንጀሮን እንዲያጠናላቸው ሾሙት። እሱም በየማለዳው ጭራውን ይነክርና፣ «እንደ ትናንቱ ግማሹ ረጥቧል፤ ውሃው አልጎደለም። ስህተት ያየ አለ?» ይላል።

አንድ ቀን እንቁራሪት እየፈራች፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ዳር ላይ ነበር የሚነክሩት። ዛሬ ግን መሃል ድረስ ገብተው ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጭራ ያበቀልሽው?» አላት።

ሁሉም ሳቁ። ያንኑ ያየችው ጥንቸልም አጭር ጭራዋን ሸሸግ አድርጋ አብራ ሳቀች። እንቁራሪት በዚያው ወጥታ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ዝንጀሮ «ስህተት ያየ አለ?» ሲል ሁሉም አንገታቸውን ይደፋሉ።

አንድ ማለዳ ጭራው አቧራ ለብሶ ወጣ። ዝንጀሮ ዙሪያውን አየና፣ በደረቀ ጉሮሮው፣ «ያቺ ጭራ የሌላት የት ሄደች?» አለ።