የምንተስኖት የመጀመሪያ ጎል

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ ግማሽ ዓመት በማይለቅበት በሰሜን ስዊድን፣ ምንተስኖት የሚባል የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበረ። የክለቡ ልማድ እንዲህ ነው፤ አንድ ተጫዋች በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጎሉን ሲያገባ፣ ፓክ የሚሏት ያቺ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ከመረቡ ወጥታ ለእሱ ትሰጣለች። እሱ ግን ለራሱ አያስቀራትም። በዚያው ቀን ቡድኑ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ገበታ ላይ እንደተሰበሰበ፣ «ያለ እሱ እዚህ አልደርስም ነበር» ለሚለው አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ ያስረክባታል። ሁለት ስም መጥራት አይፈቀድም።

ምንተስኖት የመጀመሪያ ጎሉን ቅዳሜ ከሰዓት አገባ። ደስታው ግን የቆየው ገበታው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ነው። ፊት ለፊቱ ሦስት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱንም ይወዳቸዋል።

አንዷ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። የበረዶ አዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ሳሉ፣ የሚተዉለት ሰው ስላልነበረ የስድስት ዓመቱን ምንተስኖትን ይዘውት ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ሰው ረስቶት የሄደውን ከሥሩ ብረት ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ስለሰፋው ሦስት ካልሲ ደራርበው አሰሩለትና ወደ በረዶው ገፋ አደረጉት። ወደቀ፤ አለቀሰ።

«ተነስ እንጂ። ወለሉን እኔ እወለውላለሁ፣ በረዶውን አንተ በቂጥህ ትወለውላለህ» አሉት። እየሳቀ ተነሳ። አለቃቸው ልጅ ማስገባት ክልክል ነው ሲል፣ «እሱ ካልገባ እኔም አልገባም» ብለው መጥረጊያቸውን አስረከቡት። አለቃው መለሰላቸው።

ሁለተኛው ጎረቤታቸው ጋሽ ድንበሩ፣ የመርካቶ ጫማ ሠሪ የነበሩ ናቸው። ምንተስኖት በአሥራ አምስት ዓመቱ «ፍጥነት የለህም» ተብሎ ከቡድን ተቀነሰ። ጫማውን ሊጥል ሲል ጋሽ ድንበሩ ተቀበሉትና ከሥሩ ያለውን ብረት እንደ ሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ሳሉለት። ልጁ በማግስቱ መቆም አቅቶት አጥር ላይ ተለጠፈ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን እልህ ያዛቸው። ወር ሙሉ አረማመዱን ሲያጠኑ ግራ እግሩ ወደ ውስጥ እንደሚያጋድል ደረሱበት። ብረቱን ነቅለው የስንዴ ፍሬ ያህል አዛውረው መቱት። ከዚያ ወዲያ የሚደርስበት ጠፋ፤ የቀነሰው አሰልጣኝ ራሱ መጥቶ ጠራው።

ሦስተኛው የቡድን ጓደኛው ኤስኪል ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ያ ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ዘጠና ዘጠኝ ጎል አለው። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር በረኛው ወድቆ ጎሉ ባዶ ሆነለት። ሕዝቡ መቶኛውን ሊያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ኤስኪል ዞር ብሎ ምንተስኖትን አየና ጎማዋን አቀበለው፤ ምንተስኖትም አገባት። ፊሽካው ተነፋ፤ መቶኛዋ እንደቀረች ቀረች።

«እኔ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ጨፍሬያለሁ» ይላል እየሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ግን ብትሰጠኝ እምቢ አልልም» ይላል።

እትዬ አመለወርቅ፣ «ባትሰጠኝም እራት አልከለክልህም» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከጎማዋ አልተነቀለም። ጋሽ ድንበሩ «እኔ ምንም አልልም» ብለው የብረቱን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ።

አምበሉ ገበታውን በማንኪያ መታ። ምንተስኖት ጎማዋን ይዞ ተነሣ። ማንንም ቢጠራ ሁለቱን ያስከፋል።

እንግዲህ ፍረዱ። በረዶው ላይ ላቆሙት፣ ሊተወው ሲል ለመለሱት፣ ወይስ የራሱን ለለቀቀለት? ጎማዋ ለማን ትገባለች?