ማንም ያልገባበት ግንብ

አንድ አጋፋሪ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። ንጉሡ ወደ አዲሱ ከተማቸው ሲሄዱ የአያቶቻቸውን ግንብ ቁልፍ አስረከቡትና «አደራ» አሉት። ያች ቃል እንቅልፍ ነሳችው።

ግንቡ ብዙ አይቷል። ያሠሩት ንጉሥ ግብር አብልተውበታል፤ ልጃቸው ለችሎት ተቀምጠውበታል፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ በክፉ ቀን ጎተራ አድርገው አገር አትርፈውበታል። ጓንጉል ግን አንድ ጭረት እንኳ እንዳያርፍበት ብሎ ቆለፈው። ራሱም አይገባም። ሲነጋ አጥሩን ይዞራል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመኝታው ይነሳል። ሚስቱ «ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ግንቡን?» ብትለው ቁልፉን አንስቶ ይወጣል። አደራ በላ ከመባል ሞቱን ይመርጣል።

አንድ ክረምት ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሸማኔዎች መጡ። ሽማግሌያቸው «ጌታው፣ ከአዳራሹ ጥግ ይስጡን፤ እየጠረግን፣ እሳት እያነደድን እንይዝልዎታለን» አለ።

«ነገሥታት በተቀመጡበት ድርና ማግ ልታዝረከርኩ? በሉ ሂዱ» አላቸው።

ሠርገኞችም መጡ፤ የቆሎ ተማሪዎችም መጡ። ሁሉንም ከደጅ መለሰ።

ከዓመታት በኋላ ንጉሡ ግንቡን ሊያዩ መጡ። ጓንጉል የክብር ካባ እየታየው በሩን ከፈተ። የአዳራሹ ጣሪያ መሬት ላይ ወድቋል። ዝናብ ወጋግራውን አበስብሶታል፤ የተረፈውን ምስጥ በልቶታል።

ጓንጉል ከንጉሡ እግር ሥር ወደቀ። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ማንም አልገባበትም» አለ።

ንጉሡ ወደ ፍርስራሹ አመለከቱ። «ያፈረሰውስ ማንም አለመግባቱ አይደል?» አሉት። «ጣሪያ ማፍሰሱን የሚያውቀው ከሥሩ የሚያድር ነው።»

ጓንጉል አለቀሰ። ያን ሁሉ ዘመን ዓይኑን ሳይከድን የጠበቀው ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነበር። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር ወረደ።

ሽማግሌው ሰምቶ ኖሮ «ዛሬማ የሚያስጠልል ጣሪያም የለውም አሉ» አለው።

«የለውም» አለ ጓንጉል። «አብረን እንድንሠራው ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።»

ወዳጆቼ፣ አደራ መጠበቅ ማለት መቆለፍ ብቻ አይደለም። አባቶች የተዉልን ቤትም ሆነ ወግ፣ ሰው ካልኖረበት ባለቤቱ ሳያውቅ ከውስጥ ያልቃል። እናንተስ «ቅርስ ነው» ብላችሁ የዘጋችሁትን በር ከፍታችሁ የገባችሁት መቼ ነው?