በአንድ ገመድ የሮጡ ሁለት ሰዎች

አንድ ሯጭ ነበረ። ተቀመጥ ደርበው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ልጄ ሰመራ ሄጄ ልሥራ ብላኛለች፤ አይሆንም ብዬ ላስቀራት ወይስ እንደፈለገች ትሁን ብዬ እጄን ላንሣ ነው ያልከኝ። የምመልስልህ በዚህ ሰው ታሪክ ነው።

ሰውየው መኳንንት ይባላል። በከተማው ከእሱ የሚፈጥን አልነበረም፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ስሙን እየጠሩ ይከተሉት ነበር። አንድ ዓመት ግን ለብሔራዊ ቡድን በተደረገው ማጣሪያ፣ አሸነፍኩ ባለበት ሰዓት፣ ሌላ ሰው መስመሩ ላይ በደረት ቀደመውና ሳይመረጥ ቀረ። ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሰው ስለ ሩጫ ሲያነሣበት ተነሥቶ ይወጣል። የሮጠበትን ጫማ እንኳ ማየት አስጠላው።

በዚያው ከተማ አንዲት ሯጭ ነበረች፤ አበዛሽ ትባላለች። በልጅነቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶባታል፤ በእግሯ የሚያህላት ግን አልነበረም። ማየት የማይችል ሯጭ የመሮጫ መሙ ላይ ብቻውን አይወጣም። ከጎኑ መሪ የሚባል የሚያይ ሰው ይሮጣል፤ ሁለቱ አንዲት አጭር ገመድ በእጃቸው ይይዛሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። መሪው ሯጩን መጎተት አይፈቀድለትም፤ ከጎተተ ሁለቱም ይሰረዛሉ። የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ካለፈም እንደዚሁ ይሰረዛሉ።

የአበዛሽ መሪ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደና አሠልጣኟ መኳንንትን ቤቱ ድረስ መጥቶ ለመነው። መኳንንት እሺ ያለው ለእሷ አዝኖ አይደለም። እሷ ስታሸንፍ ማን እንዳደረሳት ሰው ሁሉ ያያል ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ ከፊታቸው ሌሎች ሯጮች ነበሩ። መኳንንት ደግሞ ከፊቱ ሰው ካየ መታገሥ የማይሆንለት ፍጡር ነው፤ እጁን ወደ ፊት ሳበ። ገመዱ ተወጠረ፣ የአበዛሽ እርምጃ ተዛባ፣ ገመዱን እንደያዘች እጇ ተዘርግቶ ኩርባው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አፈሩን አራግፋ ስትነሣ ምን እንዳስቸኮለው ጠየቀችው። ከፊታችን ሰዎች ስለነበሩ ልንቀድማቸው ነው አላት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «የጠፋው ዓይኔ ነው። እግሬም ጆሮዬም አሉ።»

መኳንንት በማግስቱ፣ ካሁን በኋላ ምን አገባኝ፣ እንደፈለገች ትሩጥ ብሎ እጁን አላልቶ አፉን ዘግቶ ሮጠ። ወደ ዳር ስታዘነብል አየ፤ አብሯት አዘነበለ እንጂ አልተናገረም። ራሷ ትመለሳለች ብሎ አሰበ። መሙ ዳር የመሰናክል እንጨቶች ተደርድረው ነበርና ሄዳ ተላተመችባቸው። ጭኗ ተላጠ። የትናንቱን ውድቀት አፈሩን አራግፋ ያለፈች ሴት፣ በዚህ ቀን ግን ገመዱን ከእጇ ጣለች።

«የትናንቱ ይሻለኝ ነበር» አለችው። «ትናንት ስወድቅ ከጎኔ ነበርክ። ዛሬ ብቻዬን ነው የሮጥኩት።»

መኳንንት ያን ዕለት ቤቱ ሄዶ ምግብ አልበላም። እየጎተተም አቁስሏታል፣ እየተዋትም አቁስሏታል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አያውቅም ነበር።

መንገዱን ያሳየችው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ እየሮጡ በርቺ፣ በርቺ ይላት ነበር። መበርታቱን ለእኔ ተወው፣ አንተ እኔ የማላየውን ንገረኝ አለችው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ያየውን ሁሉ መናገር ለመደ። ኩርባው ደረሰ ይላታል። ነፋሱ ከፊት ይመጣል፣ በግራሽ ሰው እየደረሰብሽ ነው፣ መንገዱ አሁን ክፍት ነው ይላታል። እሷ ሰምታ ትፈጥናለች ወይ ትቆጥባለች፤ እሱ ይከተላል። ገመዱ በሁለቱ መካከል ላላ ብሎ ይወዛወዛል፤ ግን አንዳቸውም አይለቁትም።

ወራት አለፉና የውድድሩ ቀን ደረሰ። ውድድሩ በገዛ ከተማቸው ስታዲየም ነበር፤ ርቀቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። አገር ወክላ የምትሄደው አንደኛ የወጣችው ብቻ ናት፤ መሪዋም አብሯት ይሄዳል። ይታይህ ደርበው! ያ በደረት የተነጠቀው የብሔራዊ ቡድን ማሊያ፣ መልሶ መኳንንት ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ተነሡ። ሦስት ዙር ያህል በሰላም ሮጡ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊታቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ ከነመሪዎቻቸው። ይኼኔ ስታዲየሙ ተነሣ። ሕዝቡ ግን የሚያውቀው መኳንንትን ነው። ከዚህም ከዚያም የሚሰማው የእሱ ስም ሆነ። አንዱ ጥግ ሲጀምር ሌላው ጥግ ይቀበላል፤ መኳንንት፣ መኳንንት፣ እያለ ሰዉ አግዳሚውን በእግሩ ይደልቃል። ከዚያ ማጣሪያ ወዲህ ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ደሙ ፈላ። ከፊቱ ያሉትን ሰዎች ጀርባ አየ፣ እግሩ ውስጥ ያልተነካ ጉልበት እንዳለ ተሰማው። ሳያውቀው እርምጃው ረዘመ። ገመዱ ተወጠረ። የአበዛሽ ክንድ ወደ ፊት ተሳበ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ።

 የሚጠራው የማን ስም እንደሆነ አበዛሽም ትሰማለች።

መኳንንት ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ እጇን አየው። ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ገመዱ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ተጣብቀው፣ ይከተለዋል። ባንዲራ የያዘው ዳኛ ኩርባው ላይ ቆሟል። ቢጎትታት ሊያየው ይችላል፤ ላያየውም ይችላል። መኳንንትን ያስደነገጠው ዳኛው አልነበረም፤ ያ እጅ ነው። በጉልበቷ የወደቀች ዕለት ያየው ያው እጅ ነው።

እርምጃውን ሰበሰበ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ መጣ፣ ገመዱም ላላ። ከፊት ያሉት ራቁ፤ ሕዝቡ በአንድ አፍ አጉረመረመ። እሱ ግን ጆሮውን ከሕዝቡ ነቅሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አበዛሽ፣ ሁለት ናቸው። የኋለኛዋ ትከሻዋ ወድቋል፣ ደክሟታል። የፊተኛዋ ገና ናት። በውጭ በኩል መንገዱ ክፍት ነው።»

አበዛሽ ትንፋሿን ሰበሰበች። 

«ቀጥ ያለው መንገድ ሲደርስ ንገረኝ» አለችው።

ኩርባውን እየዞሩ ነገራት፤ ገና ነው፣ ገና ነው፣ ሊደርስ ነው፣ ደረሰ። ይኼኔ አበዛሽ ወጣች! እንዴት ብዬ ልንገርህ፤ ገመዱ እንደገና ተወጠረ፣ አሁን ግን የሳበችው እሷ ናት። መኳንንት፣ ያ ያልተነካ ጉልበት አለኝ ያለው ሰውዬ፣ እሷን ለመድረስ ያለ የሌለ ኃይሉን አወጣ። ትከሻዋ የወደቀውን ሴት አለፏት። የፊተኛዋን ጀርባ እየቀረቡት መጡ። እሱ እየሮጠ ያወራል፤ በግራሽ ናት፣ ወገቧ ላይ ደርሰሻል፣ ትከሻዋ ላይ ደርሰሻል፣ እኩል ናችሁ። ትንፋሹ አልቆ ቃሉ ፉጨት ሆነ፤ ግን አላቋረጠም። የመጨረሻው መስመር መጣ። የሚያይ ሯጭ መስመሩን አይቶ ደረቱን ይሰጣል፤ እሷ ግን ከየት ታየዋለች? ቀድሞ ቢነግራት ሚዛኗን ስታ ትወድቃለች፤ ቢዘገይ ትቀደማለች። መኳንንት ጠበቀ፣ ጠበቀ፣

«አሁን!» አላት።

አበዛሽ ደረቷን ወረወረች። ዕድሜውን ሙሉ መስመር ሲያይ ወደ ፊት የሚንደረደረው መኳንንት፣ በዚያች ቅጽበት ደረቱን ወደ ኋላ ሰበሰበና ከኋላዋ ገባ።

ሁለቱም ሣሩ ላይ ወደቁ። ስታዲየሙ ይጮኻል፤ ማን ማንን እንደሚጠራ አይለይም። አበዛሽ በጀርባዋ ተኝታ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ማን ቀደመ ብላ ጠየቀችው። አስበው፤ ያን ሁሉ ሮጣ፣ ያን ሁሉ ሰው አስነሥታ፣ ማሸነፍ አለማሸነፏን አታውቅም። መኳንንት ሊነግራት አፉን ሲከፍት ልቅሶ ቀደመው።  ሲያለቅስ የሰማችው አበዛሽ የተሸነፉ መሰላት። እጇን ሰዳ ትከሻውን ፈለገችና፣ ግድ የለም፣ ደህና ሮጠናል እያለች ታጽናናው ጀመር።

«አንቺ ነሽ» አላት በስንት ትግል። «የቀደምሽው አንቺ ነሽ።»

እንግዲህ ደርበው፣ ዕድሜህን ሙሉ የጅቡቲን መስመር ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህ። ሰመራን ታውቃታለህ፤ ልጅህ አታውቃትም። አንተ የምታየውን እሷ አታይም ያልከው እውነት ነው። ግን ያለኝ መንገድ ሁለት ብቻ ነው አልከኝ፤ ላስቀራት ወይ እጄን ላንሣ። ሁለቱንም መኳንንት ሞክሯቸዋል፤ በሁለቱም አበዛሽ ቆሰለች።

ዛሬ ቤትህ ስትገባ የምታውቀውን ሁሉ ንገራት። ሙቀቱ የሚብስበትን ወራት፣ ከቤት የማይወጣበትን ሰዓት፣ የመጠጥ ውሃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቸግሯት ብትደውልለት የሚደርስላት ደግ ሰው በዚያ መንገድ ላይ የት እንዳለ ንገራት። ሳታስፈራራ ንገራት። ከዚያ በኋላ የሚሮጠው የእሷ እግር ነው። እሄዳለሁ ካለች ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ አንተ ተሸከምላት። እቀራለሁ ካለችም አሸነፍኳት አትበል። ከሄደች ደግሞ ስትደውል ስልክህን አንሣላት፤ ተቀይሜያለሁ ብለህ አትዝጋባት። ልጅህ አዋላጅ ናት። አንድ ቀን በዚያ ሙቀት ስትደክም ውላ፣ እናትም ልጅም ከሞት አትርፋ፣ ድካሙ አደንዝዟት፣ ደህና አደረግኩ ወይ አባዬ ብላ ትደውልልሃለች። ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ያ ሰው አንተ ሁን።