ከዳኛው ጎን ያለችው ወንበር

እኔ ሚስቴን ታንጉትን ሳላስፈቅድ የማላስነጥስ ጀግና ነኝ። የእርሻዬን ድንበር የገፋብኝ ደግሞ የወረዳው አስተዳዳሪ አማች ነው። በክሴ ቀጠሮ ቀን ፈረንጆች ፍርድ ቤታችን ነጻ ሆኖ እንዲሠራ፣ መዝገብም እንዳይጠፋበት ሊያግዙ ከነኮምፒውተራቸው መጡ። አስተዳዳሪው እንደ ልማዳቸው ከዳኛው ጎን ተቀምጠው አፈጠጡብኝ።

«በል ንገራቸው! ዳኛችን ነጻ ናቸው አይደሉም?»

አይደሉም ብል መሬቴ መሄዱ ነው።

«ኧረ ነጻ ናቸው ጌታው፣ ልክ እንደ እኔ! እኔም በቤቴ የሚያዘኝ የለም። ታንጉት አጠገቤ ተቀምጣ የምወስነውን ከነገረችኝ በኋላ፣ በራሴ እወስናለሁ።»

የፈረንጆቹ አስተርጓሚ እየሳቀ ተረጎመው። ዳኛው ወደ ጎናቸው ዞረው፣ «ክቡር አስተዳዳሪ፣ እዚያ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጡልኝ» አሉ።

መሬቴ ተመለሰልኝ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ቤት ገብቶ ኖሮ፣ ታንጉት ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይዛ ጠበቀችኝ።