ዝም ያለው አዋጅ ነጋሪ

«አንድ አዋጅ ነጋሪ ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ውብሸት፣ የቀረበላቸውን ጥያቄ የሰሙ ሳይመስሉ። ጠያቂዋ ሰናይት ናት፤ ድሮ ሰባተኛ ክፍል ያስተማሯት፣ ዛሬ የወረዳው የሕዝብ መረጃ ክፍል ኃላፊ የሆነች። «አዲሱን የይዞታ ምዝገባ ደንብ በስልክ መልእክት ለሁሉም ልከናል፤ ድረ ገጽ ላይም ለጥፈናል። ሰው ግን አልሰማሁም ይላል። ጥፋቱ የማን ነው ጋሼ?» ብላቸው ነበር። እሳቸው መልሱን ትተው ወደ ታሪክ ገቡ፤ ልማዳቸው ነው።

አዋጅ ነጋሪው የሚኖረው የቅዳሜ ገበያ ባላት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ከመንግሥት ቃል ሲመጣ ገበያው ሞቅ እስኪል ይጠብቅና ከዋርካው ሥር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ወጥቶ ነጋሪቱን ይጎስማል። ጨው ሻጩ ሚዛኑን ያስቀምጣል፤ በሬ የሚያሻሽጠው ደላላ እንኳ ለአፍታ ምላሱን ይሰበስባል። ነጋሪው ቃሉን ተናግሮ ሲጨርስ ግን እንደ ሌላው አገር ነጋሪ ነጋሪቱን ተሸክሞ አይሄድም። ይወርድና በገበያው መሃል እየዞረ፣ አንዱን ከቆላ የመጣ፣ አንዱን ከደጋ፣ አንዷን ሴት፣ አንዱን ሽማግሌ እየያዘ «ምን አልኩ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀው በራሱ አፍ መልሶ ይነግረዋል። ከተሳሳተ ነጋሪው ተመልሶ ካቡ ላይ ይወጣል። አንዱን ቃል አራት ጊዜ የለፈፈበት ቅዳሜም ነበር። በዚያ ገበያ አዋጅ ተነገረ የሚባለው ነጋሪው ዞሮ ጠይቆ ሲጨርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ቃሉ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምታስቸግረው አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ከወንዙ ዳር አፈር እየቆፈረች፣ እንስራና ድስት እየሠራች አራት ልጆች የምታሳድግ። እሱ ስለ በሬ ሲናገር እሷ ስለ ድልድይ ነው ትለዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮሽን ቤት ጥለሽ ነው የምትመጪው?»

«አንተስ ብትሆን አፍህ ሙሉ ቆሎ ነው እንዴ? አጥርተህ ተናገራ!»

ገበያተኛው ይስቃል፤ እሱም እየተነጫነጨ ወደ ካቡ ይመለሳል። ለሰው አይናገረውም እንጂ በልቡ ይወዳት ነበር። ለእሷ ከገባት ለሁሉም እንደገባ ያውቃላ።

ልጄ፣ ደግ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም። አዋጁ ክፉ የሚሆንበት ቅዳሜ ብዙ ነው። ግን ክፉውንም ቢሆን ሰው ፊቱን ከሚያየው ሰው አፍ ይሰማው ነበር፤ እኔን የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

ከጊዜ በኋላ አዲስ ሹም መጣ። ድምፅ ማጉያ አስመጣና ከገበያው ዳር ረጅም ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ጸሐፊው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ከወረቀት ሲያነብ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ነጋሪውን አስጠርቶ አዲስ ጋቢ አለበሰውና «አባቴ፣ ብዙ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ጉሮሮዎም ይረፍ» አለው። ነጋሪቱ ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ነጋሪው ጋቢውን ለብሶ እቤቱ ዋለ። ቅዳሜ ሲመጣ እግሩ ወደ ገበያ ይወስደዋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን የሚሠራውን አያውቅም። እጁ ነጋሪቱን ለምዶ ኖሮ ባዶውን ሲሆን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ይገባዋል። ያንን ምሰሶ ባየ ቁጥር ፊቱን አዙሮ ያልፋል።

በዚህ መሃል ማጉያው አንድ አዋጅ መለፈፍ ጀመረ። በወንዙ ዳር እያረሰም ሆነ እየቆፈረ የሚጠቀም ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሁለት ምስክር ይዞ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚል ነው። ጽሑፉ ረጅም፣ ቃሉም የቢሮ ቃል ነበር። ነጋሪው ግን ደጁ ላይ እንደተቀመጠ በመጀመሪያው ጠዋት አንድም ሳይቀር ገባው፤ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ቃል ሲያላምጥ የኖረ ሰው ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ማጉያው ከላይ ይጮኻል፣ ሰዉ ከታች ይገበያያል፤ ሥራውን ትቶ የሚሰማ አንድም የለም። ይህን አይቶ ዝም አለ። «ምን ቸገረኝ፤ ማጉያቸው ዞሮ ይጠይቃቸው» አለ በልቡ። እንዲህ ማለቱም ደስ አሰኘው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ።

ሠላሳኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ። ሸክላ ሠሪዋ ከምሰሶው ሥር ዕቃዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ነጋሪው ሰላም ሊላት ጠጋ አለ።

«ተመዘገብሽ?» አላት።

«ለምኑ?»

«ይሄ የሚጮኸው ምን እያለ ነው ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችው። «እሱማ ወሩን ሙሉ ሲለፈልፍ ከረመ። ገና አልጨረሰም መሰለኝ፤ መጥቶ የጠየቀን የለም። እኛስ አንተን ስንጠብቅ አይደል የከረምነው» አለችና ሳቀች።

ነገሩ ለነጋሪው ያኔ ገባው። ሰዉ ረስቶት አልነበረም፤ አዋጁንም አልናቀም። እሱ ራሱ ያስለመዳቸውን ይዘው እሱን እየጠበቁ ነበር። እሱ ደግሞ ደጁ ላይ አኩርፎ ተቀምጧል። አፈረ፤ እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም።

ነጋሪት የለው፤ ያለ ሹመት አዋጅ መንገር ደግሞ ያሳስራል። ዙሪያውን አየና የሴትዮዋን ትልቁን ጋን አፉን ቁልቁል ደፍቶ በከዘራው ይደልቀው ጀመር።

«ኧረ ዕቃዬን! ኧረ ይሄ ሰውዬ አበደ፣ ያዙልኝ!»

ጋኑ በአራተኛው ምት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ገበያው ግን ዞሮ ማየት ጀምሮ ነበር። ነጋሪው ካቡ ላይ ወጣ። «በወንዙ ዳር የምታርሱም የምትቆፍሩም! ዛሬ ፀሐይ ከጠለቀች ቦታው የእናንተ አይደለም። ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ አሁኑኑ ጽሕፈት ቤት ግቡ!» አለ። ወርዶም ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ቆመ።

«ምን አልኩ?»

«ጋኑን ሰበርክብኝ!»

«ሌላስ?»

ፊቷ ተለወጠ። «አፈር መቆፈሪያዬን ሊወስዱብኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ምስክር ይዤ... ዛሬውኑ።»

«በይ ሩጪ!»

ነጠላዋን ጠምጥማ ሮጠች። እሷም፣ የዚያን ቀን ገበያ የወጣው የወንዙ ዳር ሰው ሁሉም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመዘገበ። ሹሙ ነጋሪውን አስጠርቶ ሊቆጣ ጀምሮ ነበር፤ የተሰለፈውን ሰው በመስኮት ሲያይ ተወው። ከወንዙ በታች ግን ስምንት አባወራዎች ያን ቅዳሜ ገበያ አልወጡም ነበር። መሬታቸው ለሌላ ተሰጠ። ነጋሪው እስኪሞት ድረስ የስምንቱን ስም እየጠራ «አንዱን ቀን እንኳ ከደጄ ተነሥቼ ቢሆን» ይል ነበር።

ጋሽ ውብሸት ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ስልክሽ ያ ማጉያ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም የራቁኝን ልጆቼን የማያቸው በእሱ ነውና አልሰድበውም። ጥፋቱ የማን ነው አልሽኝ። ሹሙ አጥፍቷል፤ ድምፁ ከደረሰ ነገሩ የገባቸው መስሎታል። ግን እሱ አላወቀም። ነጋሪው ያውቅ ነበር፤ ሰዉ እንዳልገባው ዐይኑ እያየ ሠላሳ ቀን ተቀመጠ። አንቺ ሁለቱም ነሽ። መልእክቱን የላክሽው አንቺ፣ ሰው እንዳልገባው አውቀሽ እኔ ዘንድ የመጣሽውም አንቺ።»

ሰናይት አቀረቀረች።

«ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?» አሏት።

«ዓርብ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ የእኔን ወሬ ምን ያሰማሻል? ተነሽ!»